«አጥ» ብዬ የጻፍኩት

በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስንት መስመር እንደሚነበብ አውቃለሁ። መቱ ውስጥ በምሠራበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የቤተ መጻሕፍቱን በር ከውስጥ ቆልፌ፣ የእጅ ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ አንዲት ገጽ ጽሑፍ ጮክ ብዬ ደጋግሜ አንብቤአለሁ። መጀመሪያ አራት ደቂቃ ከምናምን ወሰደብኝ። «እጅግ በጣም»ን ሰረዝኩ። «ከምንጊዜውም በላይ»ን ሰረዝኩ። ወጣት የሚለው ቃል ሰባት ቦታ ገብቶ ነበር፤ ሦስቱ በቃኝ። ጽሑፉ የሚነበበው አዲስ አበባ፣ ፓርላማ ውስጥ ነበር። የሚያነበው ደግሞ ከእኛ አካባቢ የተመረጠ ወጣት ነበር፤ ለጥያቄ የሚሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ነው ብሎኛል።

ልጁን ከተማሪነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ዝም በሉ ስል ዝም የማይል እሱ ብቻ ነበር፤ ድምፁ ግን ያምር ስለነበር አላባርረውም። የተማረው በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል ነው። አማርኛ እንደ ውኃ ይናገራል፤ ብዕር ሲይዝ ግን ይደርቅበታል። እኔ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነኝ። እኩዮቼ ሁለት ሦስት ልጅ ባደረሱበት ዕድሜ ነው አንደኛ ክፍል የገባሁት፤ ስናገር እፈራለሁ፣ ስጽፍ ግን ማንንም አልፈራም። እያንዳንዱን ቃል በዕድሜዬ ለቅሜ ስላገኘሁት እንደ ዋዛ አልበትነውም። መቱ ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በእኔ በኩል የሚያልፈውም ለዚህ ነው።

ያን ገጽ የጻፍኩት ግን ለእሱ ብዬ አልነበረም። የሟች እህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሲቪል ምህንድስና ተማረች፣ በማዕረግ ተመረቀች፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ቤት ተቀመጠች። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆማ ስትጠብቅ ጫማዋ አለቀ። ሲሰለቻት ከስምንት ጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ብሎኬት ማምረት ጀመረች። ብሎኬት ከተመታ በኋላ ጥላ ስር ብዙ ቀን መክረም አለበት፤ የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ወቅት አይጠይቅም። የመጀመሪያውን ምርት በላስቲክ ሸፍነውት ነፋስ ላስቲኩን ወሰደው። ጠዋት ስንሄድ የረጠበ ዳቦ መስሎ ተደርምሶ አገኘነው። አንዷ ልጅ አለቀሰች። የእህቴ ልጅ ግን ቁራሹን በእጇ እየፈረፈረች፣ «ጣሪያ ብቻ ነው የጎደለን» አለች።

ጣሪያው እዚሁ አቅራቢያችን፣ ጎሬ ከተማ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ የድሮ የቡና መጋዘን አለ፤ ዓመታት ተቆልፎ፣ በሩ ላይ ሐረግ በቅሎበት። ወረዳው ሲጠየቅ «የፌዴራል ንብረት ነው፣ ከላይ ካልታዘዘ አንነካውም» አለ። ከላይ የሚጮህላቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው ተመርጦ ከሄደ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ለዕረፍት ሲመጣ ዘጠኙም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከበቡት። በኦሮምኛ እያወሩ፣ በአማርኛ እየተሳደቡ፣ መልሰው በኦሮምኛ እየሳቁ።

«ኮት ለብሰህ ረሳኸን አይደል?» አለችው የእህቴ ልጅ።

«እናንተን ብረሳ እናቴ ትተወኛለች?» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ የትውልዴን ጥያቄ ፓርላማ ይዤ እገባለሁ። እዚያ የሚሠራው በአማርኛ ነው። እርስዎ ይጻፉልኝ፣ አንድ ፊደል ሳልነካ አነባለሁ።»

አንድ ፊደል ሳልነካ ያለው እሱ ነው። እኔ አላስገደድኩትም።

ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቃል ላይ ብቻ ተከራከርን። ልጆቹ ራሳቸውን በኦሮምኛ «ሆጂ ዸብዶታ» ይላሉ፤ ሥራ ያጡ ማለታቸው ነው። እሱ ይህን ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ሥራ ፈት ወጣቶች» አለው። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ሥራ ፈትና ሥራ አጥ አንድ አይደሉም» አልኩት። «ሥራ አጥ ፈልጎ ያጣ ነው። ሥራ ፈት ሥራውን ራሱ የፈታ ነው፤ ጥላ ስር ተቀምጦ ዝንብ የሚቆጥር። እነዚህ ልጆች ያጡ ናቸው።»

«ምን ለውጥ አለው፣ እትዬ? ሁለቱም አይሠሩም።»

ነገርኩት። ለሌላ ሰው አልነግርም ነበር። እኔ ፈት ነኝ፤ የፈታኝ እሱ ነው፣ ባሌ የነበረው ሰው። እሱ ሌላ አገባና «አቶ» እንደተባለ ኖረ። «ፈት» የሚለው ስም ግን እኔ ላይ ቀረ። ውኃ ስቀዳ ፈት፣ ማኅበር ስገባ ፈት፣ ደብተር ይዤ ትምህርት ቤት ስሄድ «ይቺ ፈት ምን ልትማር ነው?» ያደረገው ሌላ፣ የሚሸከመው ሌላ። ቃል እንዲህ ይሠራል፣ አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «ገብቶኛል» አለ። «ሥራ አጥ።» ደግሞ ደጋገመው፣ እንደ ተማሪ፦ «አጥ፣ አጥ፣ አጥ።»

የሚናገርበት ቀን ሲደርስ መብራት ነበር፤ ባይኖር ይሻለኝ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰብን። ዘጠኙም ጭቃ የያዘ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። የስፖርት መምህሩ «ዛሬ መጋዘን ይከፈታል፣ ነገ እኔም ብሎኬት ተሸካሚ ነኝ!» እያለ ያስቃል።

ስሙ ተጠራና ተነሣ። ወረቀቱን አየሁት፤ የእኔ እጅ ጽሑፍ አልነበረም፣ በኮምፒውተር የተጻፈ ነበር። ለማንበብ እንዲመቸው ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። የመጀመሪያውን ደቂቃ በምስጋና ጨረሰው። ሁለተኛውን፣ እኔ የሰረዝኳቸውን «እጅግ በጣም»ና «ከምንጊዜውም በላይ» በየቦታቸው መልሶ፣ ስለ ተመዘገበው ውጤት አወራ። ከዚያ ያን የሚያምር ድምፁን ከፍ አደረገው።

«እንደ አንድ ወጣት ስለ ትውልዴ እናገራለሁ። የእኔ ትውልድ ሥራ ፈት ሆኖ የመንግሥትን እጅ መጠበቅ የለበትም! በቅድሚያ አመለካከቱን መቀየር አለበት!»

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ካሜራው አንድ ሸበቶ ሰውዬ ላይ ቆመ፤ ሰውዬው እየሳቀ ራሱን ይነቀንቃል፣ የልጅ ልጁ መዝሙር እንዳጠናለት ሁሉ። መጋዘን የሚል ቃል አልወጣም። ጎሬም አልወጣም። ተቀመጠ።

የስፖርት መምህሩ ቀልዱን አቆመ። የእህቴ ልጅ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ‹ፈት› ነው ያለው ወይስ ‹አጥ›?»

የሰማችውን ነበር የጠየቀችኝ። ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

ተሳስቶ ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ማንበብ የሚከብደው ሰው ይሳሳታል። ከሁለት ወር በኋላ ግን ለስብሰባ መቱ መጣ። በአዳራሹ በኦሮምኛ «ጥያቄያችሁን በጠረጴዛ ላይ አፍርጬዋለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ብዙው ሰው የፓርላማውን ንግግር ስላላየው አጨበጨበለት። ከዚያ ከምሳ ተነሥቶ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር የገባው። ጣቶቹ በቅቤ ያብረቀርቃሉ፤ ሽቶው መጽሐፎቼን አልፎ መስኮቱ ድረስ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ከኋላው ቆሞ በዓይኑ «ተነሽ» ይለኛል። አልተነሣሁም።

«እትዬ፣ ተቀየሙኝ መሰለኝ።»

«ቃሉን ማን ቀየረው?»

«እኔ ነኛ።» ሳቀ፤ ምንም አላፈረም። «እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ‹ሥራ አጥ› ስል ‹ማን አሳጣው?› የሚል ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። ‹ሥራ ፈት› ግን ጥያቄ የለውም። ጥፋቱ እዚያው ሰውየው ላይ ይቀራል። ያኔ የነገሩኝ ይኼን አይደል?» ስንጥሩን ጠረጴዛዬ ላይ፣ የመጽሐፍ ውሰት መዝገቡ አጠገብ አስቀመጠው። «በጣም ነው የጠቀመኝ።»

ስለ ቁስሌ የነገርኩትን እንደ ሙያ ምክር ነበር የወሰደው። ያን ጊዜ የተሰማኝን ቁጣ ማለት አልችልም፤ ቁጣ ንጹሕ ነገር ነው። የበሰበሰ ሥጋ የነካ እጅ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቢታጠብም ይሸታል።

«ልጆቹስ?» አልኩት።

«መጋዘኑን በጎን ጨርሼላቸዋለሁ። ቅጽ ይመጣል፣ ይሞላሉ፣ ቁልፍ ይወስዳሉ። እዚያ ብጮህ ኖሮ ይኼን አገኝ ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ።» ትከሻዬን ቸብ አድርጎ ወጣ። ስንጥሩን በወረቀት ይዤ ጣልኩት። የለበስኩትን ሹራብ በማግሥቱ አጠብኩት፤ ቆሻሻ አልነበረውም።

ቅጹ መጣ። መጋዘኑ የፌዴራል ስለሆነ በአማርኛ ነበር የታተመው። ርዕሱ «የሥራ ፈት ወጣቶች መመዝገቢያ» ይላል። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፤ የመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ሥራ የፈቱበት ምክንያት»።

ያመጣው የቀበሌው ጸሐፊ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ ልጆቹንም ይወዳቸዋል። «ምክንያቱ ላይ ‹የአመለካከት ችግር› ብላችሁ ሙሉ» አላቸው። «እዚሁ ዞናችን ያሉት የቡሬ ልጆች ‹የመሥሪያ ቦታ እጦት› ብለው ጽፈው ተመልሶባቸዋል።»

«አትፈርሚ» አልኳት የእህቴን ልጅ። ቤት ነበርን፤ ዘጠኙም የእኔ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው። «በራስሽ እጅ በራስሽ ላይ ልትመሰክሪ ነው? በማዕረግ የተመረቅሽ ልጅ ነሽ። ይኼ ወረቀት መዝገብ ቤት ይቀመጣል። አንቺ ብትሞቺ እሱ አይሞትም።»

«እትዬ፣» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ ተጠንቅቃ፣ «እርስዎ ቃሉ አመመዎት። እኔን ደግሞ ዝናቡ። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያስታምም የለም።»

«በኋላስ?»

«በኋላ ብሎኬት እሸጣለሁ። ብሎኬት ላይ የአመለካከት ችግር ተብሎ አይጻፍም።»

ጓደኞቿ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ የምቆጣበት ቃል አጣሁ። ቁልፉን ሌላ ማን ይሰጣት ነበር? እኔ? እኔ ያለኝ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍና አንድ የእጅ ሰዓት ነው። ከዚያም የባሰ ነገር አለ። ቅጹን ቀድጄ መጣል እችል ነበር፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረና፤ እጄ ግን ከጉልበቴ አልተነሣም። ጎሬ ያለው ጣሪያ ለእኔም ታየኝ። ለጣሪያው መቋመጤ ለራሴ ሲሰማኝ ተጸየፍኩት።

እስክሪብቶ አነሣች። ስሟን ጻፈች፣ ዕድሜዋን ጻፈች። የትምህርት ደረጃዋን በዚያ በሚያምር፣ እንደ ፕላን መስመር ቀጥ ባለ ጽሕፈቷ ጻፈች። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ስትደርስ ቆመች። የተመለሰ ቅጽ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስርዝ ድልዝም እንደማይቀበሉ ጸሐፊው አስጠንቅቋቸዋል። እሷም የተማረችው በቁቤ ነው።

«እትዬ፣ አመለካከት በየትኛው ‹አ› ነው?»

ስምንቱም እስክሪብቶአቸውን ይዘው እኔን ያዩኛል፤ ከእሷ ሊገለብጡ።

«በአልፋው» አልኳት።