ጉልበቴን ይዤ በየአገሩ

እግሬን ያዳነው ጠበሉ ነው ወይስ ብስክሌቱ? ይህን ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም። ሁለቱን በአንድ ሰሞን ስለጀመርኳቸው ለይቼ የምመሰክርበት መንገድ የለኝም።

በዐሥራ አራት ዓመቴ ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ አልታጠፍ አለ። አምስት ዓመት ሙሉ ኮልፌ በቤታችን ደጅ ተቀምጬ፣ የወንድሞቼን የትምህርት መጻሕፍት እያነበብኩ አደግሁ። እናቴ ገበያ ውስጥ በርበሬና ኮረሪማ የምትሸጥ፣ ድምጿ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሴት ነበረች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ ጎረቤት ስለወተወታት ብቻ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ፈረንጁ ሐኪም ጉልበቴን እያጠፈ እየዘረጋ ካስጮኸኝ በኋላ፣ በአስተርጓሚ «ብስክሌት ትርገጥ። በየቀኑ። ካቆመች ተመልሶ ይደርቃል» አለ።

«የኔ ልጅ ፖስተኛ ናት እንዴ?» አለች እናቴ አስተርጓሚውን፤ እጄን ይዛ ወጣች።

በሳምንቱ ጠበል አስገባችኝ። ስለትም ተሳለች፦ ልጄ ሳታነክስ ከሄደችልኝ፣ በየዓመቱ በንግሡ ዕለት ባዶ እግሯን ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ትዞራለች፤ እኔም ጧፍ ይዤ እከተላታለሁ።

ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት አይነካም። ይህን በእኛ ሰፈር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔ ግን ነካሁ።

ከጠበል በምመለስበት መንገድ ላይ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፊደል ስላልቆጠሩ ከአገር ቤት የሚመጣላቸውን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አንዱን ብስክሌት ልርገጥ?» አልኳቸው።

«በዚያ እግርሽ? እኔን ልታስከስሺኝ ነው ወይስ ራስሽን ልትሰብሪ?»

ቢሆንም የአንዱን ብስክሌት የኋላ ጎማ ከመሬት አንስተው ሣጥን ላይ አቆሙልኝና በጓሮ በኩል፣ የትም ሳልደርስ እረግጥ ጀመር። ጠበል ላይ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። በሁለተኛው ወር ጉልበቴ ተለቀቀ። ዓመት ሳይሞላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከቀሚሴ ሥር የወንድሜን ሱሪ ለብሼ በአስኮ መንገድ እነዳ ነበር። ንግሡ ደርሶ ሦስቱን ዙር ስዞር እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዞርኩ።

በሃያ ዓመቴ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገባሁ። በዓመት ሁለት ክፍል እያለፍኩ፣ በኋላም የአስተማሪነት ሥልጠና ወስጄ፣ ጎልማሶች ማንበብ የሚማሩባቸውን ጣቢያዎች እየዞርኩ እንድቆጣጠር ተመደብኩ። ሥራውን ወደድኩት። ፍርሃቴም ያኔ ጀመረ። ወደ ክፍለ ሀገር ስወጣ ሦስትና አራት ሳምንት እቆያለሁ፤ ሐኪሙ ያለው ደግሞ እውነት ነበር። ዐሥር ቀን ሳልረግጥ ከዋልኩ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ይገተራል። እያነከስኩ ብመለስ እናቴ «ምሕረቱ ተነሳ፣ በኔ ኃጢአት ነው» ብላ ራሷን ትቀጣለች። ወይም እውነቱን ታውቃለች። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አንድ ከተማ ስደርስ ከቤርጎ አስቀድሜ የምጠይቀው የሚከራይ ብስክሌት እንዳለ ነው። ቆላ አገር ብስክሌት ስለማይጠፋ ችግር የለም። ሰው በቀትር ጥላ ሲይዝ እኔ በከተማው ዳር እዞራለሁ። «ይቺ ተቆጣጣሪ ምን ጠፍቷት ነው?» ሲባባሉ ሰምቼ አውቃለሁ። ብስክሌት በሌለበት አገር በሬን ዘግቼ አልጋ ላይ በጀርባዬ እተኛና አየር እረግጣለሁ፤ በቀን ሦስት መቶ ዙር፣ አንድም ሳላጎድል። አንድ ጊዜ አልጋው ሲንቋቋ የቤርጎዋ ባለቤት በሩን አንኳኩ።

«ወይዘሪት፣ ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲህ አልጋዬን እንዳይሰብሩት» ብለው ሄዱ። ያመኑኝ አይመስለኝም።

በአንዱ ዓመት ግን መውጫ አጣሁ። ንግሡ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ብርድና ጭቃ የማይለየው ደጋ ከተማ ተላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው፤ አውቶቡስ ቀረ። ብስክሌት የሚባል የለም። አየር መርገጡም በዚያ ብርድ አልበቃ አለ፤ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ መያዝ ጀመርኩ። አንድ ቀን ከገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ አየሁ። ቆሜ እግራቸውን ተመለከትኩ።

«ምን ይሰፋልዎት?» አሉኝ።

«ምንም። መኪናውን ልርገጥልዎ ብዬ ነው።»

ሰውየው ጫማዬን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን አዩ። «የመንግሥት ሥራ አልቆ ነው ወደኔ የመጡት?»

«ሙያ ልልመድ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው እግር የእርስዎ፣ እጅ የኔ። መርፌዬን እንዳይነኩ!»

የስፌት መኪና መርገጫ ጉልበትን እንደ ብስክሌት አያጥፍም። እኔም አጭር ዱካ አስመጣሁና ጉልበቴ ከፍ እንዲል አድርጌ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከጎኔ ቆመው ጨርቁን ይመራሉ፤ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚሰጡኝ። ሕመሙ ሲብስብኝ ጥርሴን ነክሼ አፈጥናለሁ።

«ቀስ! ቀስ! የሙሽራ ሱሪ ነው እኮ፣ የፈረስ ጉግስ አይደለም!» ይጮሁብኛል።

ድልድዩ እስኪጠገን በየቀኑ ከሥራ በኋላ ረገጥኩ። ጉልበቴ ፈታ አለ። ለንግሡ ሁለት ቀን ሲቀረው ኮልፌ ገባሁ፤ በነጋታው ጠዋት ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ጋሼ ሮጥኩ፤ ረገጥኩም። በበዓሉ ዕለት ሦስቱን ዙር ዞርኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ጉልበቴ ቢገተርም አላነከስኩም። ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ።

ከቅጥሩ በር ላይ ግን አንዲት የላይ ሰፈር ሴት ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሚሆናት ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። የልጅቷ ጉልበት እንደኔው አብጧል። ሴትየዋ ምን እንደምታደርግ ልትጠይቀን ስትጀምር እናቴ አላስጨረሰቻትም።

«ሐኪም ቤት እያልሽ እንዳታንከራትቻት! የኔዋን አየሻት? ጠበሉ ይበቃታል!»

ሴትየዋ ወደኔ ዞረች። ከኔ አፍ ልትሰማ ፈልጋለች። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ወደ ቤታችን ግማሽ መንገድ ስንደርስ ግን እግሬ እንቢ አለኝ፤ የያዘኝ የዚያች ልጅ ነገር እንጂ ጉልበቴ አልነበረም።

«እማዬ፣ ብስክሌት ስረግጥ ነው የኖርኩት።»

«መቼ?»

«ጠበል ላይ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ። እስከ ትናንት።»

እናቴ ጉልበቴን ትክ ብላ አየች። ከዚያ «ይዋጣል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ብስክሌቱ ነዋ!»

«አይዋጥም።»

«ይወጋል?»

«አይወጋም።»

«ይቀባል?»

«ኧረ እማዬ፣ አይቀባም።»

«ታዲያ ምኑን ነው መድኃኒት የምትዪው? ልፋት ነው! ጠበል ልፋት የከለከለው መቼ ነው?» ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። «ሱሪ ለብሰሽ?»

«ከቀሚስ ሥር።»

«ማን አይቶሻል?»

«የአስኮ ሰው ሁሉ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት!» ጭኗን መታች። ቀጥሎም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔን ፈርተሽ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ደግ አድርገሻል። ያኔ ብሰማ እገልሽ ነበር።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ልትስቅ ቃጣትና ድንገት ፊቷ ተለወጠ።

«ተመለሺ!»

«ወዴት?»

«ሴትዮዋ ጋ ነዋ! በኔ አፍ ልጅቷን ቁጭ ልታደርጋት!»

ከኔ ቀድማ ስትሮጥ ነጠላዋ ወደቀ፤ አንስቼ ተከተልኳት። ሴትየዋ ገና ከበሩ አልራቀችም ነበር። እናቴ ከሩቅ ጀምራ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ! ካልኩሽ ግማሹን ተዪው! ሐኪም ቤትም ውሰጃት! የቀረውን እሷ ትንገርሽ፣ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት!» አለቻት።

ሴትየዋ ልጇን አወረደችና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከሐኪሙ ቃል ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ስጨርስ «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አለችኝ።

ደገምኩላት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ።