ስፒከር ላይ የዘለለ ጤፍ

ኮተቤ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ የድምፅን ሞገድ በስክሪን ከሚያሳዩ ሁለት ርካሽ ኦሲሎስኮፖች አንዱን ለመምረጥ ቆሜአለሁ። ሻጩ አንዷን ከሬዲዮ ጋር ሲያገናኛት ስክሪኗ ላይ ያለው መስመር ከዘፈኑ ጋር መዝለል ጀመረ፤ የአባዬ ጤፍ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ እንጦጦ ሥር ባለው ቤታችን፣ አባዬ ሬዲዮውን በጀርባው አስተኝቶ ስፒከሩ ላይ ወረቀት ዘረጋና ጤፍ በተነበት። በዘፈኑ ውስጥ ከበሮው በተመታ ቁጥር ጤፉ ይዘላል።

«አንተ ሰውዬ፣ በእህል ትጫወታለህ?» አለች እማዬ።

«ዘፈኑን እያየሁት ነዋ! ጆሮ እንደሆነ አንድ ቀን ይከዳል» አላት። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

«ትንሿን ውሰድ ወንድሜ፤ እሷ ፈጣን ናት» አለኝ ሻጩ።

ለድምፅ የትልቋም ፍጥነት ይበቃል፤ ስክሪኗ ደግሞ ሰፊ ነው። እሷን ገዛሁ።

አባዬ አሁን ጆሮው አይሰማም። ቤት ወስጄ ከሬዲዮው ጋር ሳገናኛት፣ የሚዘለውን መስመር በጣቱ ተከተለው።

«እናትህን ጥራት» አለኝ። «ዛሬ እህሏን አልነካሁም።»