ከቦራ ኮርቻ ስር

ጎረቤቷ ብዙወርቅ ሥራውን ስትነግራት «ወፍራም ጨርቅ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋሉ» አለቻት እንጂ የፈረስን ነገር ጨርሳ አላነሳችም። አሰለፈችም ጨርቅ ከተባለ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ፍተሻ ክፍል ቆማለች። ከስሩ መብራት በበራበት መስታወት ላይ ጨርቁ እንደ ወንዝ ሲያልፍ እሷ ከዳር ሆና በጣቶቿ ትዳስሰዋለች፤ ዓይን የሳተውን ቋጠሮና የሳሳውን ክር ጣቷ ያገኘዋል። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ከተቀነሱት ጋር ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል ጣቶቿ ሥራ ፈትተው ከረሙ። የሰው ነጠላ እንኳ ስታይ ጠርዙን ሳትዳስስ አታልፍም ነበር።

በተቀጠረችበት ጠዋት ከአቃቂ በሚኒባስ ሄዳ ቂሊንጦ ወረደች። መስከረም ነው፤ መሬቱ ገና አልደረቀም። አብረዋት የወረዱት እስረኛ ጠያቂዎች የስንቅ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በአንድ በኩል ሲያቀኑ፣ እሷ የቆርቆሮ አጥር ተከትላ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ወደሚታዩበት ወገን ሄደች። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየችው ሰው አይደለም። ከራሷ በላይ የቆመ የፈረስ ራስ ነው። ወደ ኋላ ስታፈገፍግ አንድ እግሯ ቦዩ ውስጥ ገባ። አሰለፈች የባቡር ሠፈር ልጅ ናት፤ ፈረስ የምታውቀው ጋሪ ሲጎትት፣ ያውም ከመንገድ ማዶ ሆና ነው። ብዙወርቅን በልቧ እየረገመች ልትመለስ ስትል የግቢው ባለቤት አቶ ወንድዬ ደርሶ፣ የሚታጠበው ጨርቁ እንጂ ፈረሱ እንዳልሆነ አስረድቶ፣ አግባብቶ አስገባት።

ወንድዬ አሥራ አንድ ፈረሶች አሉት። ለሠርግና ለበዓል ያከራያቸዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ግልቢያ ያስተምርባቸዋል። አስተማሪዋ ፌኔት የምትባል ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። አባቷ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት መሬት ላይ ያርሱና ፈረስ ያረቡ ነበር፤ እሷም በእግሯ ከመሄዷ በፊት ኮርቻ ላይ ተቀምጣለች ይባላል። አሰለፈችን ወደ ዕቃ ቤቱ ወስዳ አንድ ኮርቻ አነሳችና ገለበጠችው።

«እትዬ፣ ሰው የሚያየው ላዩን ነው፤ ላዩን እኛ በቅባት እናብሰዋለን» አለቻት። «የእርስዎ ሥራ ይኼኛው ነው።»

የኮርቻው ሆድ ጠቁሯል። ላብ፣ ጸጉርና አቧራ አንድ ላይ ደርቀው እንደ ጥቀርሻ ተጣብቀውበታል። ፌኔት በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ ያነሳችውን በአሰለፈች መዳፍ ላይ አደረገችላት። እንደ አሸዋ ይሻክራል። በዚህ ላይ ሰው ሲቀመጥበት የፈረሱን ቆዳ እንደሚልጥ፣ የተላጠው ገጣባ እንደሚሆን፣ ገጣባ የያዘው ፈረስ ደግሞ መጨረሻው ጋሪ ወይም ጅብ እንደሆነ ነገረቻት። አባቷ «ኮርቻ ሳይገለብጡ ፈረስ አይወቅሱም» ይሉ እንደነበርም አጫወተቻት።

ከዚያ እጇን ይዛ ወደ አንዲት ዳማ ባዝራ ወሰደቻት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ ይሏታል። ገና ከግልቢያ መመለሷ ነው፤ ኮርቻው የተነሳበት ጀርባዋ በጠዋቱ ብርድ እንደ ድስት ይተናል። ፌኔት የአሰለፈችን መዳፍ እዚያ ላይ አሳረፈችው። ሙቀቱ እስከ ክንዷ ዘለቀ። እጇን ሳታነሳ አንዲት ዝንብ መጥታ ከጣቶቿ ትንሽ ራቅ ብላ ዐረፈች፤ ወዲያው ያቺ ቦታ፣ ያቺው ብቻ፣ ርግብ ርግብ ብላ ዝንቧን አባረረቻት። ይህን የሚያህል እንስሳ የዝንብ እግር ይሰማዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ስንት ሺህ ሜትር ጨርቅ በእጇ አልፏል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ነክታ አታውቅም። ፍርሃቷ ባይለቃትም በማግስቱ ተመልሳ መጣች።

ሥራውን የያዘችው እንደ ፋብሪካው ነው። መጀመሪያ ኮርቻዎቹን በየፈረሶቹ ስም ለየች፤ የአንዱ ለሌላው እንዳይጫን ከለከለች። ከኮርቻው ስር የሚነጠፈውን ወፍራም ጨርቅ በየቀኑ ታጥባለች። የዱቄት ሳሙናውን ከግቢው አስወጣች፤ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ቆዳ እንደሚያሳክክ ከራሷ እጅ ታውቃለች። የኮርቻውን ሆድ በደረቅ ብሩሽ ትጠርጋለች፣ በረጠበ ጨርቅ ታብሳለች፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ከፀሐይ ከልላ ነፋስ ላይ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ጀርባ ትዳስሰዋለች። መዳፍ በሥራ ይደነድናል፣ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም ባይ ናት። ወንድዬ በመጀመሪያው ወር የሙሽራ አልጋ የምታነጥፍ ትመስላለች እያለ ይስቅ ነበር። በሁለተኛው ወር መሳቁን ተወ፤ ሦስት ፈረሶች ላይ የከረመው ገጣባ ጠገገ። ሠራተኞቹም እንደ ድሮው የፈረስ ሹም «ባልደራስ» የሚል ስም አወጡላት።

የፈረሶቹን ጠባይ የተማረችው ከጨርቃቸው ነው። እያንዳንዱ ፈረስ የራሱን የላብ መልክ ትቶ ይሄዳል። አንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሌላው ትከሻው ላይ ብቻ ያልበዋል። የቦራ ግን ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ይመስላል። አሰለፈች የእሷን ጨርቅ የምታጥበው ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው፤ ትንሽ እያየችው እንድትቆይ።

ኅዳር ላይ ቦራ ተለወጠች። መጀመሪያ ኮርቻ ሲጫንባት ጆሮዋን ወደ ኋላ መለጠፍ ጀመረች። ቀጥሎ አንገቷን አዙራ ጎኗን ማየት አመጣች። ከዚያ ኮርቻ ከሩቅ ስታይ መሸሽ፣ ከዚያም መፈራገጥ መጣ። ልጆች ሲቀመጡባት ዝም ትላለች፤ ትልቅ ሰው ሲወጣባት ግን ታብዳለች። ፌኔት ጀርባዋን ዳሳ፣ ኮርቻውን ገልብጣ አይታ ምንም አላገኘችም። ሰው መርጣ የምትጥል፣ ተንኮል የገባት ባዝራ ናት ተባለ። አለንጋ ተሞከረባት። ጥር ላይ ቃሊቲ ለአንድ ሠርግ ተወስዳ ሙሽራውን ከነሱፉ፣ ካሜራው እየቀረጸ፣ አቧራው ላይ ዘረጋችው። እግዜር አትርፎት አጥንቱ አልተነካም፤ ከሙሽራው ቤተሰብ የተሰማው ስድብ ግን ወንድዬን አንገቱን አስደፋው። ሰኞ ዕለት ሠራተኞቹን ሰብስቦ ቅዳሜ አንድ ጋሪ ነጂ መጥቶ እንደሚወስዳት ነገራቸው። ፌኔት ተከራከረችው፤ እሷንም ቦራ ሁለቴ ስለጣለቻት ግን ክርክሯ ጉልበት አላገኘም።

አሰለፈችን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። የቦራ ጨርቅ ላይ፣ ከአከርካሪዋ በስተቀኝ በሚውለው ቦታ፣ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ታገኛለች። ስታጥባት ትለቃለች፤ ቀናት ቆይታ እዚያው ትመለሳለች። ቆሻሻ ቦታ ይቀያይራል፤ ይቺ ግን ንቅንቅ አትልም። ለወንድዬ ብታሳየው ዝንብ ነክሷት ይሆናል አለ። ኮርቻውን ገልብጣ በእጇ ጀርባ ደጋግማ ብትዳስሰው ለስላሳ ነው።

ዐርብ ጠዋት ጨርቁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንደነከረች ነገሩ በራላት። ነጥቧ የምትገኘው ትልቅ ሰው ቦራ ላይ በተቀመጠ ቀን ነው። ልጆች ብቻ በጋለቧት ቀን ጨርቁ ንጹሕ ነው። እሷ ደግሞ ኮርቻውን የምትዳስሰው ባዶውን፣ ማንም ሳይጫነው ነው።

እጇን በቀሚሷ አድርቃ ኮርቻውን ተሸክማ ፌኔት ወዳለችበት ጋጥ ሄደች። ድርቆሹ ላይ ቁጭ አለችና ኮርቻውን ልክ ፈረስ ላይ እንደሚጫን አድርጋ ጭኖቿ ላይ ጫነችው።

«ነይ ተቀመጪበት» አለቻት።

ፌኔት መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አሰለፈች አምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን እንደሚያማት ግቢው ሁሉ ያውቃል። እንደምትጎዳ ብትነግራት አልሰማቻትም።

«ቦራ ላይ ትቀመጪ የለም ወይ? ተቀመጪ።»

ፌኔት ቀስ ብላ ተቀመጠች። ምንም የለም። አሰለፈች ክብደቷን ሁሉ እንድትለቅና ፈረስ ሶምሶማ ሲሄድ እንደምትሆነው ከፍ ዝቅ እንድትል አዘዘቻት። በሁለተኛው ላይ እንደ እሳት የሚያቃጥል ነገር የአሰለፈች ቀኝ ጭን ውስጥ ገባ። ጮኸች። ፌኔት ዘልላ ስትነሳ የወጋው ነገር ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ኮርቻው ተገልብጦ ሲታይ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። አሰለፈች ቀሚስ ላይ ግን ምስር የምታህል ደም ነበረች።



ፌኔት ቢላዋ አምጥታ ስፌቱን ተረተረችው። ኮርቻው ውስጥ በተጠቀጠቀው ሱፍ መሐል፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ፣ የተሰበረ የወስፌ ጫፍ ተሰክቷል። የጣት አንጓ አያህልም። ሲጫኑት ይወጣል፣ ሲነሱለት ሱፉ መልሶ ይውጠዋል። ኮርቻው ኅዳር መግቢያ ላይ ስፌቱ ላልቶ ውጭ ተሰፍቶ ነበር፤ የሰፋው ማን እንደነበር እንኳ የሚያስታውስ አልተገኘም።

አሰለፈች ያቺን ብረት መዳፏ ላይ አድርጋ ከተቀመጠችበት መነሳት አቃታት። እሷ አንዴ ተወግታ ግቢው እስኪሰማ ጮኻለች። ቦራ የዝንብ እግር በሚሰማው ጀርባዋ ይህን ከኅዳር እስከ ጥር ተሸክማዋለች፤ ሰባ ኪሎ፣ ሰማንያ ኪሎ ሰው ከላይ እየጫነው፣ በየርምጃዋ። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ቀን ማንንም አልጣለችም። አሰለፈች ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው አስታወሰችው። ጆሮዋን ስትለጥፍ እየነገረቻቸው ነበር። ዞራ ጎኗን ስታይ ቦታውን እያሳየቻቸው ነበር። ስትሸሽ እየለመነቻቸው ነበር። የጣለችው የሚሰማት ስታጣ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያ ጨርቅ ከጀርባዋ ሲነሳ አሰለፈች አጠገቧ ቆማ ትቀበል ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልነከሰቻትም፣ እግሯን አላነሳችባትም።

ተነስታ እያነከሰች ወደ ቦራ ጋጥ ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሳይታወቃት ነጠላዋን አጣፋች፣ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም እንደምትገባ። ባዝራዋ ራሷን ቀና አድርጋ አየቻትና ድርቆሿን ማኘክ ቀጠለች። አሰለፈች እስክትጨርስ እዚያው ቆመች።

ወንድዬ የወስፌውን ጫፍ ተቀብሎ አውራ ጣቱን ጫን አደረገበት፤ ወዲያው እጁን ሰበሰበ። ለጋሪ ነጂው ስልክ ደውሎ እንዳይመጣ ነገረው። ከዚያ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሲመላለስ ቆይቶ ወደ አሰለፈች ተመለሰ።

«እኔ እኮ መትቻታለሁ» አላት።

እሷም እንዳየችው ነገረችው፤ አላስተባበለችለትም። ውኃ እንዲያሞቅና ጨው እንዲያመጣ ብቻ ላከችው። ወንድዬም ሄዶ አመጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጸጉሩ ስር ተደብቆ የኖረውን የቦራን ቁስል ጠዋትና ማታ የሚያጥበው ራሱ ሆነ። እስክትቀበለው ግን ሳምንት ፈጅቶበታል፤ እጁ ከፍ ባለ ቁጥር ግድግዳው ላይ ትለጠፍ ነበር። አለንጋ ከግቢው የጠፋው በዚያ ሳምንት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አሰለፈች ጨርቅ ስታሰጣ ቦራ ሜዳው ላይ በጉልበቷ ተንበረከከችና ዘፍ ብላ ወደቀች። አሰለፈች የጨርቁን ሳፋ ጥላ ሮጠች። የቁስሉ መርዝ ወደ ደሟ ገብቶ ልትሞት ነው ብላ ነው። ስትደርስ ባዝራዋ በጀርባዋ ተገልብጣለች፤ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ አቧራውን እያቦነነች፣ ከአንድ ጎኗ ወደ ሌላው እየተንከባለለች ታጓራለች። ፌኔት አጥሩ ላይ ተደግፋ ትስቃለች፤ ፊቷ ግን በእንባ ርሷል። ጀርባው የሚያመው ፈረስ እንደማይንከባለል፣ ቦራ ይህን ካደረገች ወራት እንዳለፉ የነገረቻት ያኔ ነው። ቦራ ተነሳች፣ ከራሷ እስከ ጭራዋ ተራገፈች፣ አቧራዋን አሰለፈች ላይ ዘረገፈችባት። አሰለፈች ዓይኗን አልጠረገችም። እንዲህ ያለ ደስታ በቅርብ አይታ አታውቅም ነበር።

ኮርቻ መልሶ የተጫነባት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ወስፌው ከነበረበት ቦታ የበቀለው ጸጉር ነጭ ሆኗል፣ ጥፍር የምታህል ነጭ። አሰለፈች አዲስ የተሰፋውን ኮርቻ ራሷ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፌኔትን አስቀምጣበት፣ ወንድዬንም ሳይቀር አስቀምጣበት ካረጋገጠች በኋላ ነው የፈቀደችው። ኮርቻው ሲያርፍባት ቦራ መላ አካሏ ተንቀጠቀጠ። አሰለፈች አንገቷን ይዛለች። ፌኔት እግሯን እርካብ ውስጥ አስገብታ ቀስ ብላ ወጣች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ባዝራዋ ትንፋሿን ይዛ፣ ጆሮዋን ለጥፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ጠበቀች። የምትጠብቀው ምን እንደሆነ አሰለፈች ታውቃለች። አልመጣም። እንደገና ጠበቀች። አሁንም አልመጣም።

ያን ጊዜ ከሆዷ ጥልቅ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ አንገቷ ከአሰለፈች ክንድ ስር ሲላላ ተሰማት። አንዱ ጆሮዋ ወደ ፊት ዞረ፣ ሌላውም ተከተለው። ማንም ሳያዛት አንድ እርምጃ ሄደች፣ ከዚያ ሌላ። ከአጥሩ ውጭ የፋብሪካ ሰርቪሶች ሠራተኛ ጭነው እየተከታተሉ ያልፋሉ። ቦራ በአጥሩ ትይዩ ሶምሶማ ጀመረች፤ ፌኔት ዛቡን ለቀቅ አድርጋላታለች። አሰለፈች ባዶ እጇን እንደዘረጋች ሜዳው መሐል ቆማ፣ ያ ጀርባ ሰው ተሸክሞ ሲሄድ በዓይኗ ተከተለችው።