የጋሼ ማንደፍሮ ፊሽካ

ቄስ ደምሴ መስቀላቸውን ይዘው ከሰሌዳው በስተቀኝ ቆመው ነበር። የአሁኑ የገና ጨዋታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሽፈራው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ በስተግራ ቆሟል። የድሮዎቹ ተጫዋቾች የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ጌታነህ ከመካከላቸው ናቸው። እኛ ሴቶች ከኋላቸው፣ ወጣቶቹ ዳገቱ ላይ። አቶ ዘለቀ ለብቻቸው ከሜዳው ዳር ከተደረደሩት ድንጋዮች ወዲያ ቆመዋል።

የጋሼ ማንደፍሮን የአርባ ተዝካር ቤተ ክርስቲያን ፈጽመን ነው ወደ ሜዳው የወረድነው። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ሜዳ በስማቸው ይጠራ ተብሎ ሰሌዳ ተጽፏል። መሸፈኛ ጨርቅ በመረሳቱ ሽፈራው የእኔን ነጠላ ለምኖ አልብሶታል። ከጋሼ ማንደፍሮ ግቢ አጠገብ ያደግኩ፣ በዕድሜም የገፋሁ ስለሆንኩ ሰሌዳውን የምገልጠው እኔ እንድሆን ተነግሮኛል። ከሰሌዳው ሥር ወጣቶቹ በእሳት ለብልበው የቆለመሟቸውን አዳዲስ የወይራ ዱላዎች ደርድረዋል። የተለበለበው ልጥ ሽታ በነፋሱ መጣብኝ። ያንን ሽታ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ቀርቤው አላውቅም።

በልጅነቴ የእኛና የጋሼ ማንደፍሮ ግቢ አንድ አጥር ነበረው። ገና ሲቃረብ ማታ ማታ ከደጃቸው የወይራ ጭስ ይሸት ነበር። ዱላዎቹን እሳት ላይ እያገላበጡ፣ በጉልበታቸው ተጭነው ጫፋቸውን ይቆለምማሉ። ከሠራዊት ሲመለሱ ያመጡት ካኪ ኮት፣ መስታወቱ የወደቀ የኪስ ሰዓትና በቆዳ ጠፍር የተንጠለጠለ የናስ ፊሽካ ነበራቸው። ፊሽካውን በአመድ ፈትጌ እንዳጠራላቸው ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። አፌ ውስጥ ግን አስገብቼው አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር የሚደፈር አይመስለኝም ነበር።

እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ጨዋታው ዳርቻ አልነበረውም ይባላል። የላይኛውና የታችኛው አጥቢያ ሰው ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ እያባረረ ገብስ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ወንዝ ይሻገራል። ራስ ይፈነከታል። የተፈነከተው ከሞተ ነገሩ ወደ ደም ይሄዳል። ጋሼ ማንደፍሮ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ሜዳውን ዞሩና ድንጋይ አስደረደሩ። ከመስመሩ የወጣች ሩር ሞተች አሉ። ዳኛ ከሦስተኛ አጥቢያ ይምጣ አሉ። ከገና እስከ ጥምቀት አጥቢያዎቹ ተራ በተራ እንዲገናኙ፣ በመጨረሻም ያሸነፈው ሙክት እንዲወስድ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሜዳ ሰው አልሞተም። ይህ እውነት ነው፤ ማንም ሊነሳቸው አይችልም።

አንድ ያልነኩት ልማድ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ የተሸነፈውን ይሰድባል። የፈለገውን ሰው በግጥም ይነካል፤ ባላባቱንም፣ ዳኛውንም። የተነካ ሰው በዚያ ቀን አይቆጣም። ይስቃል፣ ወይም ለጨፋሪዎቹ ጠላ ያስቀዳል። ዓመቱን ሙሉ አንገቱን የደፋ ሁሉ የሚናገርባት ቀን የገና ዕለት ነበረች።

ዘለቀ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበር። መንደሩ ከገደሉ ሥር ያለው የቀጥቃጮች መንደር ነው። ማረሻችንንም ማጭዳችንንም የምንገዛው ከእነሱ ነበር፤ አብረናቸው ግን አንበላም። ዓይናቸው ይበላል ይባል ነበር። አጥቢያዎቹም ከእነሱ ጋር የገና ጨዋታ አንጫወትም ብለው ስለነበር መንደሩ በውድድሩ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም። ሩር ገደል ስትገባ ግን የሚጠራው ዘለቀ ነው። ያንን ገደል እንደሱ የሚወርድ አልነበረም። ይዟት ይወጣና ከድንጋዩ መስመር ወዲያ ቆሞ በዱላው ይመታታል። ከሜዳው መሐል ሳትደርስ የወደቀችበትን ቀን አላየሁም። ጎረምሶቹ ሲያዩት እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

አንድ የገና ዕለት የእኛ አጥቢያ አሸንፎ ይጨፈራል። ጋሼ ማንደፍሮ በካኪ ኮታቸው መሐል ቆመው በየተራ ሲሰደቡ ይስቃሉ። አንዱ ሰዓታቸውን፣ ሌላው አካሄዳቸውን አነሳ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ከመስመሩ ወዲያ አንድ ድምፅ ተነሳ፤

ሩሯን ከገደል ውስጥ ያወጣታል እጄ፣
ሜዳ ልግባ ስል ግን አይሉኝም ልጄ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረምሶቹ ግጥሙን ተቀብለው ደገሙት። እናቴም ስታጨበጭብ ነበር። ሦስተኛ ሊሉት ሲሉ ጋሼ ማንደፍሮ ፊሽካቸውን ነፉ። ጠዋት በአመድ ያጠራሁት ፊሽካ ነው። ጭፈራው እግር እንዳነሳ ቆመ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «በዚህ ሜዳ ስድብ የለም።»

የትኛው ስድብ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዱላው ሁሉ ወደ ትከሻ ተመለሰ። ዘለቀ ዞሮ በገደሉ መንገድ ወረደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ማንደፍሮ ከአባቴ ጋር ፊት ፊት ይሄዱ ነበር። እኔ ከኋላቸው ነኝ።

«ማንደፍሮ፣ ያ ልጅ አልሰደበህም እኮ» አለ አባቴ።

«አልሰደበኝም።»

«ታዲያ?»

«እሱን ባስገባው አጥቢያዎቹ ይወጣሉ። ጨዋታው ይፈርሳል፤ ደሙ ይመለሳል። ደጋግመው ቢዘፍኑት ደግሞ አንዱ ተነስቶ ለምን አይገባም ይላል። ምን ልመልስለት?»

  ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማሁም። በሚቀጥለው ዓመት እኔን መሐል ሜዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲያስገባኝ አባቴን ለምነው ያሳመኑት እሳቸው ናቸው። በረባሶ የገዙልኝም እሳቸው ናቸው። የተማርኩትን ሁሉ ስቆጥር ከእሳቸው ይጀምራል።

ዘመን ሲለወጥ የቀጥቃጮቹ ልጆች ሜዳ ገቡ። ዛሬ የሚከለክላቸው የለም። የስድብ ክልከላው ግን እስካሁን አለ፤ ሰዉም የጋሼ ማንደፍሮ ሥራ ሲል ከሁሉ በፊት እሱን ያነሳል።

በተዝካሩ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ሽፈራው ድምፅ ማጉያውን ለድሮዎቹ ተጫዋቾች ሲያሳልፍ ጋሽ ጌታነህ ተቀበሉት።

«ጥርሴን ያጣሁት እሳቸው ሳይመጡ ነው። ከመጡ ወዲህ አንድም አልጎደለብኝ።»

«የቀረ ስለሌለህ ነዋ!» አላቸው አንዱ ከጎናቸው፤ ተሳቀ።

«ይኸው፣ እንዲህ ያለውን ነው የከለከሉት» አሉ ጋሽ ጌታነህ፤ ደግሞ ተሳቀ።

ከዳገቱ አንድ ወጣት እጁን አነሳ። «አባቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ጨዋታው የደበዘዘው በዚያ ክልከላ ነው። ዛሬ አሸንፈን ዝም ብለን ነው የምንበተነው።»

«አንተ አፍህ ስላመለጠህ ነው» አሉ ጋሽ ጌታነህ። «ሰውዬው ጨዋ አደረጉን። ያለ እሳቸው እስካሁን ተፈነካክተን አልቀን ነበር።»

«መፈነካከቱንማ ያስቀረው ድንጋዩና ዳኛው ነው። ግጥም ማንን ፈነከተ?»

 ከድሮዎቹ ተጫዋቾች ፊሽካው የተነፋ ዕለት ሜዳ ላይ ያልነበረ አንድም አልነበረም። ሁሉም ሣሩን ያዩ ነበር። እኔም የነጠላዬን ጥለት አይ ነበር።  አባቴ ሲጠይቅ፣ ጋሼ ማንደፍሮ ሲመልሱ የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። አላወቁም ነበር ብዬ እንዳልጽናና እንኳ ያን ቃል ሰምቻለሁ። ያን ቃል ይዤ በገዙልኝ በረባሶ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ።

ሽፈራው ነገሩ እንዳይከር ብሎ ይመስለኛል ወረቀቱን ዘርግቶ የሰሌዳውን ጽሑፍ አነበበ። «የሜዳችን አባት። ጨዋታችንን ከስድብ ያጸዱ።» ተጨበጨበ። ሽፈራው ሲወለድ ይህ ሁሉ አልፎ ነበር፤ የነገረውም የለም።

«አቶ ዘለቀ!» አለ ወደ መስመሩ እያየ። «ምነው ውጭ ቆሙ? ይግቡ እንጂ።»

«እዚህ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ እርስዎም የድሮ ሰው ነዎት። የሚያስታውሱትን አንድ ቃል ይበሉን።»

አቶ ዘለቀ ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ነፋሱ የባናቸውን ጫፍ ያነሳል። ድምፃቸው እንደ ድሮው ሩቅ ይሰማል።

«ዛሬ ገና አይደለም፣ ልጄ።»

ወጣቶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሽፈራውም ፈገግ አለ። ጋሽ ጌታነህ ድምፅ ማጉያውን ሣሩ ላይ አስቀመጡትና ሁለት እጃቸውን ባናቸው ውስጥ ከተቱ። ቄስ ደምሴ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«በሉ እትዬ አስካለ» አለ ሽፈራው፣ «ይግለጡልን።»

ተነስቼ ሄድኩ። ትናንት ታጥቦ የደረቀው ነጠላዬ የወይራውን ሽታ ይዟል። ጫፉን ጨበጥኩት። ከሥሩ የቀለሙ ጽሑፍ ይታያል፤ «ያጸዱ» የሚለው ቃል እጄ ሥር ነበር። ሰዉ ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ብስበው ጽሑፉ ይገለጣል። ነጠላዬን ይዤ ብሄድ ለሰሌዳው ሌላ መሸፈኛ አልነበረም።

ለቀቅኩት። ጥለቱን አስተካከልኩና ከሰሌዳው ጋር አጥብቄ ቋጠርኩት። በሻሼና በሹራቤ ብቻ በነፋሱ ውስጥ ሜዳውን አቋርጬ፣ አቶ ዘለቀ በቆሙበት በኩል የድንጋዩን መስመር አልፌ ሄድኩ።