ቁልፉ ማስተዋል ጋ ነው

የቀርከሃ ልማት ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። መጀመሪያ ሹፌሩ ሄደ፤ ከዚያ ሒሳብ ሠራተኛዋ፤ በመጨረሻም የኮምፒውተር ባለሙያው ፀጋው አዳማ ላይ ሥራ አገኘና ሻንጣውን ይዞ ተሰናበተ። እንጅባራ መናኸሪያ ድረስ የሸኘችው ማስተዋል ናት። ስትመለስ ቢሮው ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም።

ማስተዋል የፕሮጀክቱ ፀሐፊ ነበረች። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው «ንብረቱን የሚረከቡ ሰዎች እስኪመጡ ድረስ ቆዪ» አሏት። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ተረካቢዎቹ በዚያው ቀሩ። እሷ ግን በየጠዋቱ ትመጣለች። በሩን ትከፍታለች፣ ማንም የማይቀመጥባቸውን ወንበሮች ሳይቀር ትወለውላለች፣ ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ትቀመጣለች። ስልክ ይሠራል፤ ኢንተርኔት ግን ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል፤ አዲስ መልእክት የሚባል ነገር የለም። ሆኖም ፀጋው የጫነላት የኢሜይል ፕሮግራም የመጣውን ሁሉ አውርዶ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጥ ስለነበር፣ የስምንት ዓመቱ መልእክት ሁሉ አለ። የሥራ ባልደረቦቿ ሄደው ወሬያቸው ቀርቶላታል ማለት ይቻላል።

ዳንግላ ነው የተወለደችው። በልጅነቷ በአንድ ማሠልጠኛ ታይፕ ተማረች፤ አባቷ ሲሞት እናቷን ይዛ እንጅባራ ገባች። አንድ ጊዜ አንድ መምህር ለትዳር ጠይቋት ነበር። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ወደ ጫግኒ ተዛወረ። እናቷ ያኔ ከአልጋ መውረድ አቅቷት ስለነበር ማስተዋል «ትንሽ ታገሠኝ» አለችው። ሁለት ክረምት ታገሠ፤ በሦስተኛው ሌላ አገባ። አልተቀየመችውም። እናቷ ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ለማስተዋል ቤት ማለት ቢሮው ሆነ። ምሳ አብረው ይበሉ ነበር፤ ፀጋው ሳህኑን ሳይጠርግ አይነሳም፤ ሹፌሩ በየቀኑ የዳንግላን ሰው ነገር እያነሳ ያበሽቃት ነበር።

በሐምሌ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ያለ መንደር የሚኖሩ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከነዝናባቸው ገቡ። ፕሮጀክቱ ችግኝ ያፈላው በእሳቸው መሬት ላይ ስለነበር ታውቃቸዋለች። ወንበር ሰጠቻቸው፤ ጋቢያቸውን ጨምቀው ተቀመጡ።

«ሰዎቹስ?» አሏት ዙሪያውን እያዩ።

«ሁሉም ሄደዋል፣ ጋሼ ቢሻው። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።»

ሽማግሌው የመጡበትን ተናገሩ። «ቀርከሃው አበበ፣ ልጄ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ከአባቴ የወረስኩት ነው። ሲያብብ እኔ አይቼ አላውቅም፣ አባቴም አላየ። ካበበ ይሞታል ይላሉ። አሁን ዘሩ እየረገፈ ነው፤ አይጥ እየለቀመው ነው። የእናንተ ሰው የሚለው ነገር ይኖር እንደሆን ብዬ መጣሁ።»

ማስተዋል አስታወሰች። በፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ዓመታት ይሄነው የሚባል የደን ባለሙያ ነበር፤ ስለ ቀርከሃ አበባ ረጅም መልእክት በአማርኛ ጽፎ ለሁሉም ልኮ ነበር። ያኔ ማንም ልብ ብሎ ያነበበው አይመስላትም። «የጻፈው አለ፤ አሁን ፈልጌ አነብልዎታለሁ» አለችና ወደ ስክሪኑ ዞረች።

መፈለጊያዋ ሳጥን ግን የለችም። ከላይ በስተቀኝ፣ ቃል ተጽፎባት መልእክት የምታወጣው ሳጥን የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። ማስተዋል ፕሮግራሙን ዘግታ ከፈተች። የለችም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳች። የለችም። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ዛሬ እምቢ አለኝ» አለች በመጨረሻ፤ ፊቷ ቀላ። «ስልክዎን ይስጡኝና እደውልልዎታለሁ።»

«እንዳትረሽኝ ብቻ» ብለው ተነሱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ መልእክቶቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ይሄነው በየትኛው ዓመት እንደጻፈው አታስታውስም። ስብሰባ፣ የመኪና ነዳጅ፣ የችግኝ ቁጥር፣ የበዓል መልካም ምኞት፤ ወረደች፣ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ደከመና ለፀጋው ደወለች። ከሄደ ወዲህ ስትደውልለት የመጀመሪያዋ ነው። ምክንያት አልነበራትማ።

«እታለም! እንዴት ነሽ? ሰላም ነው?»

«ደህና ነኝ። መፈለጊያዋ ጠፋችብኝ።»

«የምን መፈለጊያ?»

«የኢሜይሉ። ሰርች የምናደርግባት።»

«ምን ነካሽ?»

«ምንም አልነካሁም።»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ስትሰማ ቢሮው ሰው የመጣበት መሰላት። «እስቲ ኮንትሮልን ይዘሽ ኤፍን ጫኚ።» ጫነች፤ ምንም የለም። ሌላ ሊነግራት ሲል መስመሩ ተቋረጠ፤ ደጋግማ ብትሞክርም አልገባላትም።

በማግስቱ ራሱ ደወለ። «ከላይ ባዶው ቦታ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጊ። ‹ካስተማይዝ› የሚል አለ?»

«አለ።»

«ክፈቺው። ትናንሽ ነገሮች ተዘርግተው ይታዩሻል።»

«አዎ። ውይ ፀጋው፣ ሳጥኗ እዚህ ውስጥ ናት!»

«አየሽ፣ አልጠፋችም፤ ማውዙ ተንሸራቶ ጎትቶ አውርዷት ነው። አሁን ያዣትና ወደ ላይ ጎትቻት፤ ቦታዋ ላይ ስትደርሺ ልቀቂያት።»

ጎተተቻት፣ ለቀቀቻት። «መጣች!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ባዶዎቹን ክፍሎች ዞሮ ተመለሰ። ወዲያው «አበባ» ብላ ጻፈች፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም አላገኘሁም አላት።

«አትደንግጪ» አለ ፀጋው። «ማውጫውን እንደገና እየሠራ ነው፤ ያን ሁሉ መልእክት ማንበብ አለበት። ኮምፒውተሩን ሳታጠፊው ሂጂ። ነገ ምሳ ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ።»

ነገ እደውልልሻለሁ ያላት ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደነበረ ወደ ቤቷ ስትሄድ በመንገዱ ሁሉ ስታስብ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት መብራቱ ሳይጠፋ አድሮ ጠበቃት። «አበባ» ብላ ስትጽፍ የይሄነው መልእክት ከላይ ወጣ። ወዲያው ለቢሻው ደወለችና ቀስ ብላ አነበበችላቸው፦ ያበበ ቀርከሃ መድረቁ አይቀርም፤ ዘሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ስለሚበላሽ ቶሎ ለቅሞ መደብ ላይ መዝራት ያስፈልጋል፤ የወደቀውም ራሱ እንዲበቅል ከብት እንዳይገባበት ማጠር። ሽማግሌው የሰሙትን አጠገባቸው ላለች ሚስታቸው በአዊኛ ይነግሯታል፤ ማስተዋል እስኪጨርሱ ትጠብቃለች።

«እንግዲያ መሞቱ እውነት ነው» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ። ዘሩን ካዳኑት ግን ይተካል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ዘጉ።

ሥራው አለቀ። ማስተዋል እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ ጥቂት ተቀመጠች። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቅ፣ መፈለጊያዋ ላይ የራሷን ስም ጻፈች።

ስሟ የሌለበት ወር አልነበረም። «ማስተዋልን ጠይቋት።» «ማስተዋል ታዘጋጀው።» «ቁልፉ ማስተዋል ጋ ነው።» አንዱን ከአንዱ እያለፈች ስትሄድ እናቷ ያረፈችበት ሰሞን ላይ ደረሰች። «የማስተዋል እናት ስላረፉ ዛሬ ቢሮ አትገባም» ይላል የመጀመሪያው። ከሥሩ ሁሉም እየተቀባበሉ «ነፍስ ይማር» ብለዋል። ለሁሉም የተላከ ስለሆነ እሷም ጋ ገብቷል፤ ለእሷ ብሎ የጻፈላት ግን አንድም የለም፤ እርስ በርሳቸው ነው የተላላኩት። ከሁሉም በታች ደግሞ አንድ መስመር አለ፦ «ታዲያ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

የጻፈው ፀጋው ነበር።

ደጋግማ አነበበችው። አላለቀሰችም፤ ግን ብርድ ተሰማት፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

«እታለም፣ ሠራልሽ?»

ልትሰድበው አልፈለገችም፤ ልታመሰግነውም አልቻለችም። እሺ ሠርቷል ብትለው በርቺ ብሎ ይዘጋዋል፤ ያ ብቻ ታያት። «አልሠራም» አለችው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይደውላል። እሷም ከጠዋት ጀምራ የምትነግረውን ብልሽት ታሰናዳለች፦ ሳጥኗ ደበዘዘች፣ ፕሮግራሙ ራሱን ዘጋ፣ እንግዳ ጽሑፍ መጣ። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ የሌለውን ትመልሳለች፤ በመካከሉ ወሬ ይመጣል። የአዳማ ሙቀት እንቅልፍ ነሥቶታል። አዲሱ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቶ ስለሚውል ቀና ብሎ ሰላም የሚለው የለም። እሷ ደግሞ የእንጅባራን ጉም ትነግረዋለች፤ «ዛሬ ከበሩ ወዲያ አይታይም» ስትለው ይስቃል። ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ምግቧ ጣዕም ይሰጣት ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ግን ፀጋው እንዲህ አላት፦ «ያንኑ ፕሮግራም በራሴ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ያንቺን ብልሽት ላመጣው ብሞክር እምቢ አለኝ። ነገ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እሞክራለሁ። እንዲህ ሆነሽማ አልተውሽም።»

እሁድን በሐፍረት ዋለች። ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሐሳቧ አዳማ ነበር፤ የዕረፍት ቀኑን በሌለ ብልሽት ሲደክም ታያት። ሰኞ ሲደውል እነግረዋለሁ ብላ ቆረጠች።

ሰኞ ጠዋት ኢንተርኔቱ ተመለሰ። ፀጋውም ሰምቶ ኖሮ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቀም። «በቃ እታለም፣ ገላገለን! አሁን ከዚሁ ሆኜ ኮምፒውተርሽ ውስጥ እገባለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ንገሪኝ።»

የኤሌክትሪክ ገመዱ እግሯ ሥር ነው። ብትነቅለው መብራት ሄደ ማለት ትችላለች። ጎንበስ አለች፤ እጇ ገመዱን ነካው። ከዚያ ቀና ብላ ቁጥሩን አነበበችለት።

የማውዙ ቀስት የማስተዋል እጅ ሳይነካት በራሷ ተንቀሳቀሰች። የኢሜይሉ ፕሮግራም ተከፈተ። ሳጥኗ ቦታዋ ላይ ናት፤ ውስጧ የማስተዋል ስም ተጽፏል፤ ከሥሯ መልእክቶቹ ተደርድረዋል። ቀስቷ ቀስ ብላ ወረደችና «ታዲያ የመጋዘኑ ቁልፍ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እታለም።»

«አቤት።»

«ይሠራል እኮ።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረቡዕ።»

ቀስቷ ከቆመችበት አልተነሳችም። «ይህን እኔ ነኝ የጻፍኩት?»

«መጋዘኑ ተቆልፎ ነበራ። ምን ታደርግ።»

«ይህን አንብበሽ ነው… ስደውል ስታነሺልኝ የነበረው?»

«ለቅሶ ደርሰሃል፣ ፀጋው» አለችው። «በሦስተኛው ቀን መጥተህ ድንኳኑ ዳር ተቀምጠህ ነበር። አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሠራ አላልሽኝም?»

ማስተዋል መስኮቱን አየች። «ብነግርህ አትደውልም ብዬ።»

ጉሮሮውን ጠርጎ «እደውላለሁ፤ ሳይበላሽም እደውላለሁ» አለ። ከኮምፒውተሯም ወጣ።

ለጊዜው ቃሉን ጠበቀ። ኋላ ግን ሥራ በዛበት፤ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ከዚያ በዓል በዓል ብቻ። ብልሽት ሳይኖር ብዙም የሚያወሩት አልነበራቸውም፤ ይህን ሁለቱም ያውቁት ነበር። ማስተዋል አሁንም አልተቀየመችም።

ጥሪው እንዲህ ከመሳሳቱ በፊት፣ በዚያው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል፣ በሚኒባስ አዲስ ቅዳም ወረደች፤ ከዚያ በጭቃው በእግሯ እስከ ቢሻው መንደር ሄደች። ማንም አልጠራትም። ቀርከሃው ከሩቅ እንደ ገለባ ነጥቶ ይታያል፤ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ቢሻው መደቡን ሲያሳዩዋት ግን አፈሩ ላይ እንደ ጤፍ ቡቃያ የቀጠነ አረንጓዴ ወጥቷል። ሚስታቸው የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበች። ሴትዮዋ አማርኛ ብዙም አትችልም፤ ማስተዋልም አዊኛ አትችልም። ጎን ለጎን ተቀምጠው እየላጡ በሉ።

«እደሪ» አሏት ቢሻው ሲመሻሽ።

«ነገ ቢሮ አለኝ» አለች፤ ነገ እሁድ እንደሆነ ትዝ ያላት ከተናገረች በኋላ ነው። ሽማግሌው አላረሟትም። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝተዋት፣ ሚኒባሱ እስኪመጣ አብረዋት ቆሙ።