የአራት ነጥብ የመጀመሪያ ቢራ

በማተሚያ ቤቱ ሠላሳ አራት ዓመት አራሚ ሆኖ ሲሠራ የወጣለት ስም «አራት ነጥብ» ነው። ስሙን ያወጡለት ፊደል ለቃሚዎቹ ናቸው፤ ሳይዘጋ የቀረ ዓረፍተ ነገር ካየ ምሳ አይበላምና። ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት። ሰዓቱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ምስጋና አነበበና ሁለት ስህተት አገኘ። ጨዋ ሰው ስለሆነ ግን አንዱን ብቻ ነገራቸው።

ቤት በዋለ በመጀመሪያው ወር የመድኃኒት ቤቱን ማስታወቂያ አረመ፤ የሊፍቱን መመሪያ አረመ፤ በመጨረሻም ሚስቱ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈችውን የአስቤዛ ዝርዝር በቀይ እስክርቢቶ አርሞ መልሶ ለጠፈው። ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ዝርዝሩን ቆማ አየችው።

«ስማ፣ እጅህን የሚይዝ ነገር ፈልግ» አለችው። «አለበለዚያ አንድ ቀን እኔንም ሰርዘህ ከላዬ ትጽፍብኛለህ።»

በዚያው ሳምንት ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ካርቶን አወረደ። ውስጡ አርሟቸው ሳይታተሙ የቀሩ መጻሕፍት ነበሩ። ከሁሉም ሥር የተገኘው «ቢራ በቤትዎ» ይላል። ስልሳ ገጽ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ሦስት ጊዜ አንብቦት ነበር፤ ደራሲው ሐሳቡን ቀየረ ተብሎ ሥራው ቆመ። አራት ነጥብን ሁልጊዜ የሚከነክነው አንድ ነገር ነበር። ቋንቋው ትክክል መሆኑን ያውቃል፤ ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን ግን አያውቅም።

«ልጠምቀው ነው» አለ።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን።»

ብቅልና እርሾ በቀላሉ አገኘ። ሆፕ የሚባለውን መራራ አበባ ግን ያገኘው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ነው። በትልቁ ድስት ቀቀለ፣ አጠለለ፣ አቀዘቀዘ፤ ከዚያ ሃያ ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ በርሜል ገለበጠው። ክዳኑን በስቶ ቀጭን ቱቦ ሰካና የቱቦውን ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረ። በርሜሉ መታጠቢያ ቤት ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ብርጭቆው ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ሲስተር ከሥራ ገብታ ጎንበስ አለችና ጆሮዋን በርሜሉ ላይ አሳረፈች፤ ሰዓቷን እያየችም ቆጠረች።

«ደህና ነው፤ ምቱ ጥሩ ነው» አለችና እግሯን ታጠበች።

በሦስተኛው ሳምንት ብርጭቆው ዝም አለ። ጠርሙስ የመሙያው ቀን ደረሰ ማለት ነው።

ጠርሙሶቹን በየበሩ እየዞረ ነበር የሰበሰባቸው። ከታች ፎቅ ብቻዋን የምትኖረው ልብስ ሰፊ ስምንት ሰጠችው። ይዘታቸውን ማን እንደጠጣው አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና ወደ እነሱ ቤት የወጣችው አንዴ ብቻ ነበር፤ እሱም ጣሪያዋ ሲያፈስ።

እሑድ ጠዋት ሠላሳ ስድስት ጠርሙስ ታጥቦና በፈላ ውሃ ተለቅልቆ ወጥ ቤት ውስጥ ተደፍቶ ይንጠፈጠፍ ነበር። በርሜሉን ጠረጴዛ ላይ ሲያወጡት፣ አተላው እንዳይበጠበጥ፣ ባልና ሚስት ትንፋሻቸውን ያዙ። አራት ነጥብ የቱቦውን ጫፍ መጠጠ፤ ለብ ያለ ነገር አፉን ሞላው፤ ዋጠው። ፊቱ ምንም አልተናገረም። ሲስተር ቱቦውን በሁለት ጣቷ እየቆነጠጠች ትሞላለች፤ እሱ በወረቀት ጥቅልል ስኳር ይጨምራል።

«ይሄ ሁሉ ስኳር?» አለች።

ገጽ አርባ አንድን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበላት። «በእያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ።»

«ቢራ ነው ከረሜላ?»

«ሴትዮ፣ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።»

ቆርኪ መምቻውን ያገኘው ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበር። የመጀመሪያው ቆርኪ ተንጋደደ። ሁለተኛው ጠርሙስ አንገቱ ላይ ተሰበረ። ሦስተኛው «ጥርቅ» ብሎ ገባ፤ ከዚያ በኋላ እጁ ለመደ። ምሳ ሰዓት ላይ ሠላሳ አምስት የታሸጉ ጠርሙሶች ነበሯቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ ቀኑን ጻፈና ኮሪደሩ ላይ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከካፖርቶቹ ሥር ደረደራቸው። ማታውኑ ሁለት ጊዜ ከፍቶ አያቸው፤ ምንም የሚታረም አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ የሲስተርን የሥራ ልብስ ጠቅማ ይዛ መጣች። ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠው ሳለ አንድ ነገር «ጧ!» አለ።

«በር ተመታ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የእኛ አይደለም» አለ አራት ነጥብ።

ሁለተኛው ጮኸ። ወዲያው ከቁም ሳጥኑ በር ሥር አረፋ ወጥቶ ቀስ እያለ ወደ ምንጣፉ መጣ።

«ጋሼ፣ ቁም ሳጥንዎ ያለቅሳል።»

ሊከፍተው ሲነሳ ሲስተር ኮሌታውን ያዘችው። «እንዳትነካው!» ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ተከታተሉ። የሲስተር ድምፅ ተቀየረ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የምታወጣው ድምፅ ነው።

«አንተ፣ ወፍራም ፎጣ ያለውን ሁሉ አርጥበህ አምጣ። አንቺ እህቴ፣ ሳፋውን በቀዝቃዛ ውሃ ሙዪ። ማንም አይሮጥ።»

ወንድሟ እነሱ ቤት ትቶት የሄደውን የሞተር ሄልሜት አጠለቀች፤ የቆዳ ጓንት አደረገች። ፍንዳታው ጋብ እስኪል ጠብቃ በሩን ገርበብ አደረገችና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ፎጣ እየጠቀለለች ሳፋው ውስጥ አስተኛቻቸው። ከዚያ ቆርኪያቸውን በጥቂት በጥቂቱ ማላቀቅ ጀመረች።

«ቀስ... ገና ነው... አትቸኩል... አሁን ተንፍስ» ትለዋለች ጠርሙሱን።

ጠርሙሱ «ፍስስስ» ይላል። ልብስ ሰፊዋ ፎጣ እያቀበለች በእያንዳንዱ «እሰይ!» ትላለች። አራት ነጥብ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፤ ማንም ግባ አላለውም።

አሥራ አንዱ ፈነዱ፤ ሃያ አራቱ በሰላም ተገላገሉ። አንድ ካፖርት ኪሱ ተቀደደ። ስብርባሪው ተጠርጎ ሲያበቃ ሲስተር «ያፈነዳቸው ስኳሩ ነው» አለችና መነጽሯን አድርጋ ገጹን ጠየቀች።

«ይሄ ቀይ ምንድነው?»

በማተሚያ ፊደል የተለቀመው «አንድ ማንኪያ ስኳር» ይላል። ከ«አንድ» ቀጥሎ በቀይ የማስገቢያ ምልክት ተደርጎ፣ ከላይ በሚያምር እጅ ጽሑፍ «የሾርባ» ተብሏል። ኅዳጉ ላይ ደግሞ «ግልጽ ለማድረግ» የሚል ማስታወሻና ፊርማ አለ።

«የማን እጅ ነው?»

መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። ጽሑፉ አልተለወጠም።

«የእኔ።»

ሲስተር መጽሐፉን ዘግታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ምሳውን ሳይነካ ቁጭ ብሎ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ግልጽ ለማድረግ ያስገባቸውን ቃላት ማሰብ ጀመረ። የጓሮ አትክልት መጽሐፍ ነበር። የዋና ትምህርት መጽሐፍ ነበር። የድልድይ ጥገና መመሪያም ነበር። ሰኞ ጠዋት ጫማውን አሥሮ ወንዙ ድረስ ሄደና ድልድዩን አየው። ቆሟል። ትንሽ ጠብቆ አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍበት አየ፤ ከዚያ ተመለሰ።

የተረፉትን ጠርሙሶች ሲስተር በአዲስ ቆርኪ አስመታችውና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ሳትጠራ ወጣች። «ልጆቹ እንዴት ሆኑ?» አለች። አንዱን ከፈቱት። ግማሹ አረፋ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ግማሹን ለሦስት ተካፈሉት። ጣፈጥ ይላል፤ ቡናማ ነው፤ ቢራ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆዋን ጨርሳ አፏን ጠረገች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ?»

«ንገሪኝ።»

«የፈነዱት አሳዘኑኝ።»

አራት ነጥብ ከዚያች ዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው። ሲስተር ሁለተኛ ጠርሙስ ልታመጣ ተነሳች።

በሚቀጥለው ወር እንደገና ጠመቁ፤ ሦስት ሆነው። ስኳሩን በሻይ ማንኪያ የለካችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቆርኪውን የመታችው ሲስተር ናት። እሱ ጠርሙስ አጠበ።