ሦስተኛው ምስክር

ይህ የሆነው የመራጮች ምዝገባ በተዘጋበት ቀን ነው። ሦስት ሳምንት አልፎታል። ምርጫው ገና ነው፤ የእኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም። ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው «ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የምትቃጠይው?» እያሉ ይስቁብኛል። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

የምኖረው ቡራዩ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ቢሆንም ኪራይ እየገፋ እየገፋ እዚህ አድርሶኛል። አሁን አራተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው መሀል ከተማ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ስመለስ ጀምበር ጠልቃለች። እሑድ ልብስ አጥቤ እተኛለሁ። ኑሮዬ ይኸው ነው።

የፖለቲካ ሰው አይደለሁም። ግን የማምንበት ነገር አለኝ። የተናገረ ሰው እንዳይታሰር፣ የታሰረ ቶሎ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ዳኛ በስልክ እንዳይታዘዝ እፈልጋለሁ። «የማን ወገን ነሽ?» ሳልባል የምኖርበት አገር ያምረኛል። ዘንድሮ ይህንን አፍ አውጥታ የምትናገር አንዲት ጠበቃ በእኛ የምርጫ ክልል ለውድድር ቀርባለች። ፓርቲዋ ትንሽ ነው። አንድ ቀን በታክሲው ሬዲዮ ስትከራከር እየሰማሁ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌያለሁ። እንደማታሸንፍ ልቤ ያውቃል። ቢሆንም «ከዚህ ሰፈር እንዲህ የሚያስብ ሰው አለ» ተብሎ እንዲቆጠርልኝ ፈለግኩ።

ፍርሃትም ነበረብኝ። ምርጫ ሲቃረብ ሰፈሩ ዘይትና ዱቄት መሸመት ይጀምራል፤ «ከቤት ባትወጪ ይሻልሻል» የሚል መካሪ ይበዛል። እኔን ግን ከግርግሩ ይልቅ ሳልመርጥ መቅረቴ ነበር የሚያሳስበኝ።

ችግሩ መታወቂያዬ ነው። የአዲስ አበባ ነው፤ ጊዜውም አልፏል። ለማሳደስ የድሮ ሰፈሬ ብሄድ «እዚህ ቤት የለሽም» ተባልኩ። እዚህ ቀበሌ ብጠይቅ ደግሞ «አከራይሽ መጥቶ ተከራዬ ናት ብሎ ይፈርምልሽ» አሉኝ። አከራዬ ሱሉልታ ነው የሚኖረው። በደወልኩለት ቁጥር «ነገ እመጣለሁ» ይለኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነገ፣ ነገ ሲለኝ የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ከሥራ አስፈቅጄ እኔው ሱሉልታ ሄድኩ።

በሩ ላይ መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁት። ጉዳዬን ስነግረው ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለና ግራ ቀኙን አየ።

«እኔ እኮ ቤቱን አከራይቻለሁ ብዬ የትም አላስመዘገብኩም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ልትመርጪ ብለሽ እኔን ግብር ልታስከፍዪኝ ነው?»

ለመንኩት። የመጨረሻው ቀን መሆኑን ነገርኩት።

«ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ እያወቅሽ ምን ያደክምሻል? ይልቅ ግቢና ወተት ጠጪ።»

ወተቱን ሳልጠጣ ተመለስኩ። ታክሲው የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ቡራዩ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የምዝገባ ጣቢያው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። መዝጋቢዋ ትሁት ወጣት ናት። መታወቂያዬን አገላብጣ አየችና «በዚህ መመዝገብ አይቻልም» አለችኝ። ፊቴን ስታይ ግን ቶሎ ብላ ቀጠለች፦ «የሚያውቁሽ ሦስት የአካባቢው ነዋሪዎች ከመሰከሩልሽ እመዘግብሻለሁ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ አለሽ።»

ዞር ብዬ ሰልፉን አየሁት። የማውቃቸው ፊቶች ነበሩ፤ በስም የማውቀው ሰው ግን አንድም አልነበረም። አራት ዓመት! ከግቢዬ ሰው ልጥራ ብል፣ አብረውኝ የተከራዩት ከወላይታ የመጡ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱም እንደ እኔ የዚህ አካባቢ መታወቂያ የላቸውም። ስለ ዜግነት መብት ከማንም ጋር እከራከራለሁ፣ ግን «አውቃታለሁ» የሚልልኝ ሰው የለኝም። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

ቀና ስል ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸውን ለማስመዝገብ መጥተው ነው። እኔ በምንም ዓይነት አልመርጠውም የምለውን ፓርቲ ኮፍያ አድርገዋል። የፓርቲው ባንዲራም በራቸው ላይ ተሰቅሏል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ባንዲራ ምክንያት በራቸው ጋ ስደርስ በአንገቴ ብቻ ሰላም ብዬ ፈጠን እያልኩ ነበር የማልፈው። እያፈርኩ ነገርኳቸው።

ቀጥ ብለው ወደ መዝጋቢዋ ሄዱ።

«ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» አሉ። «አራት ዓመት ፊት ለፊቴ ኖራለች። ውሻዬ እንኳ አይጮህባትም። ክረምት ጎርፉ መንገዱን ሲቆርጠው ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው ሥራ የምትሄደው። ዓመት በዓል ብቻዋን ነው የምትውለው። የቱ ጋ ልፈርም?»

ስማቸውን ያወቅኩት ሲፈርሙ አይቼ ነው። ኦቦ ገመቹ። ባለቤታቸው አደ ጫልቱም ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አሻራቸውን አኖሩልኝ። ሁለት ምስክር ሞላልኝ። አንድ ቀረኝ።

«ባለ ሱቁ ሁሴን ያውቅሻል። ላምጣው» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀኝ እግራቸውን ያነክሳሉ። «እኔ ልሂድ» ብላቸው «ተራሽን አትልቀቂ» ብለው ተቆጡኝ። አደ ጫልቱ አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ አፋን ኦሮሞ አልችልም፣ እሳቸውም አማርኛ ብዙ አይሆንላቸውም። እጄን ያዙኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ሰልፉ ተመናመነ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መዝጋቢዋ መዝገቡን ዘጋች፤ የየፓርቲዎቹ ታዛቢዎችም ተራ በተራ ፈረሙበት።

ሰባት ደቂቃ እንዳለፈ ኦቦ ገመቹ ሁሴንን በክንዱ ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው በበሩ ገቡ። ሁሴን ሱቁን ዘግቶ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቶ ኖሯል። ያለበትን ጠይቀው በእግራቸው ሄደው ነው ያመጡት።

«ሰባት ደቂቃ ነው! መንገድ ላይ ነበርን እንጂ ቤታችን ተኝተን አይደለም!» ብለው ጮኹ።

መዝጋቢዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባቴ፣ እኔም ባደርገው ደስ ይለኛል። ግን ተፈርሞበታል፤ አሁን ከከፈትኩት ሕግ ጣስኩ ማለት ነው።»

ኦቦ ገመቹ ወደ ራሳቸው ፓርቲ ታዛቢ ዞሩ። «አንተ እንኳ ተናገር እንጂ!»

ልጁ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ «ኦቦ፣ ምን አስጨነቀዎት? እሷ እንደሆነ የእኛን አትመርጥም» አላቸው። ሰማሁት።

«እሱን ማን ጠየቀህ?» አሉት።

መዝገቡ አልተከፈተም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ መዝጋቢዋ ልክ መሆኗ ነው። ሕግ ይከበር ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። ለእኔ ሲባል መዝገብ ይከፈት ብል ነገ ለሌላውም ሊከፈት ነው። አፌን ዘግቼ ወጣሁ።

ባለፈው እሑድ ልብስ ሳሰጣ ኦቦ ገመቹ በራችንን አንኳኩ። ይዤ የወጣሁትን ዱካ ትተው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አስቤበት ነው የመጣሁት» አሉኝ። «እኔ ብዙ ጊዜ መርጫለሁ። የእኔ ሰውዬ ያለ እኔም ያሸንፋል። አንቺ ማንን ነበር የምትመርጪው? ንገሪኝና ላንቺ ልምረጥልሽ።»

አልዋሽም፣ የጠበቃዋ ስም ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«አይሆንም ኦቦ። ድምፅዎ የእርስዎ ነው። በእኔ ትእዛዝ ከመረጡ፣ እኔ የምለው ነገር ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው።»

«ሰው ሲረዳሽ እምቢ ትያለሽ?» ቅር አላቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «እሺ፣ አትዘዢኝ። ግን ምን ትላለች ሴትዮሽ? እሱን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ስለ ፍርድ ቤት ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የወንድማቸው ልጅ ያለ ክስ ስምንት ወር ታስሮ ነበር። ወደ ሌላው ልሻገር ስል ግን እጃቸውን አነሱ።

«እዚህ ጋ ቁሚ። ይሄ አንቺ የምትኖሪበት ግቢ ማሳዬ ነበር። ጤፍ ዘርቼበታለሁ። እሱን በተመለከተ ምን ትላለች?»

ምን እንደምትል አላውቅም ነበር። ስትናገርበት ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። «አላውቅም» አልኳቸው። ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ ተከራከርን። ሲነሱ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ክርክር ትችያለሽ፤ ግን ገና ብዙ ይቀርሻል» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ተሻገሩ።

አሁን ምን ይሰማሻል ብትሉኝ፣ ተጽናናሁ ማለት አልችልም። አከራዬ ላይ ተናድጃለሁ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያመላልሱኝ በኖሩት ላይ ተናድጃለሁ። ከሁሉም ይበልጥ፣ አራት ዓመት ሙሉ ከሦስት ሰው ጋር እንኳ ሳልተዋወቅ በኖርኩት በራሴ ላይ። የምርጫው ቀን ሰው ካርዱን ይዞ ሲሰለፍ እኔ በር ላይ ቆሜ ማየቴ ነው። ቀኑ በሰላም እንዲያልፍም እጸልያለሁ።

ኦቦ ገመቹ ማንን እንደሚመርጡ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።